ጎረምሳው ጉድፍ ሲይዘው፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን «ልጄን ጉድፍ ያዘው፤ ትልቅ ልጅ ስለሆነ ግራ ገባኝ» የሚል ጥያቄ በዛብኝና ዛሬ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ባንድ ላይ ልመልስ አልኩ። ነርስ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት ሕፃናት ክፍል ነው። ጉድፍ የምለው ቺክን ፖክስ የሚባለውን፣ ውሃ የሚቋጥረውን ሽፍታ ነው፤ ኩፍኝ ሌላ ነው፣ ፈንጣጣም ሌላ። የራሴም ልጅ በ15 ዓመቱ ታሞበት ስለነበር አንዳንዱን እንደ ነርስ፣ አንዳንዱን እንደ እናት ነው የምመልሰው። ልጃችሁን በዓይኔ አላየሁትምና በሐኪም ምትክ አትቁጠሩኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የ14 ዓመት ልጄ ትናንት ማታ ግንባሩና ደረቱ ላይ ሦስት አራት ቀይ ነገር ወጣበት። እሱ «ብጉር ነው፣ ተይኝ» ይላል። በምን ልለየው?

መልስ፦ እኔንም ያታለለኝ ይኸው ብጉር ነው። ልጄ ማታ «ራሴን አመመኝ፣ ደከመኝ» ሲል ከጥናት ሊሸሽ ነው ብዬ ዝም አልኩት። በማግስቱ ግንባሩ ላይ ቀያይ ነገር ሳይ «አትነካካው፣ ጠባሳ ይሆንብሃል» ብዬው ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ጀርባው ሞልቷል። የሰው ልጅ ቢሆን በአንድ እይታ የምለየውን፣ በራሴ ልጅ ላይ አንድ ሙሉ ቀን አባከንኩ። ያ ቀን ለምን ውድ እንደሆነ ቀጥሎ እመለስበታለሁ።

ብጉር ትኩሳት አያመጣም፤ ሆድ ላይም ድንገት ፈክቶ አያድርም። ስለዚህ ፀጉሩን በጣትሽ ከፍለሽ የራስ ቅሉን ቆዳ እዪ፣ ከዚያ ሆዱንና ጀርባውን። ጉድፍ ሲጀምር ትንሽ ቀይ ነጥብ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ከፍ ይልና ጫፉ ላይ ጥርት ያለ ውሃ ይቋጥራል፣ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጤዛ። ከዚያ ይደፈርሳል፣ ይደርቃል፣ ቅርፊት ይሆናል። አዲሱ በየተራ ለሦስት ለአራት ቀን መውጣቱን ስለማያቆም፣ በሦስተኛው ቀን መዳፍ በምታህል ቆዳ ላይ ነጥቡንም፣ ውሃ የቋጠረውንም፣ የደረቀውንም አብረሽ ታያለሽ። ትልቁ መለያው ይህ ነው። ኩፍኝ ውሃ አይቋጥርም፤ ሳል፣ ንፍጥና የቀላ ዓይን ይቀድመዋል። ሽፍታው መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ከበዛ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ደረጃ ላይ ከሆነና ንፍፊት ካለው ግን ኤምፖክስም (የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይባል የነበረው) ሊሆን ስለሚችል ራስሽ አትፍረጂ፤ ለሐኪም አሳዪው።

ጥያቄ፦ ጉድፍ የልጅነት በሽታ ነው፣ በራሱ ይለቃል ሲባል ነው የምንሰማው። የ16 ዓመት ልጅ ለዚህ ብሎ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል እንዴ?

መልስ፦ በራሱ መልቀቁ ልክ ነው፤ አብዛኛው ጎረምሳም ቤቱ ተኝቶ ነው የሚድነው። ነገር ግን የ5 ዓመት ሕፃን ጉድፍና የ16 ዓመት ልጅ ጉድፍ አንድ አይደለም። ዕድሜው ከ12 ሲያልፍ ትኩሳቱ ይበረታል፣ ሽፍታው ይበዛል፣ ሳንባን የመንካት ዕድሉም ይጨምራል። ለጤነኛ ሕፃን ብዙ ጊዜ የማይታዘዘው አሲክሎቪር የሚባለው የቫይረስ መድኃኒት ለዚህ ዕድሜ የሚታሰበውም በዚሁ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ደህና አድርጎ የሚሠራው የመጀመሪያው ሽፍታ በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በሽታውን ቆርጦ አይጥለውም፤ ትኩሳቱን ያሳጥራል፣ የሽፍታውንም ብዛት ይቀንሳል። ሦስተኛው ቀን ላይ ቢጀመር ለጤነኛ ልጅ ጥቅሙ እምብዛም ነው። እኔ ያባከንኩት ቀን እንግዲህ ይኸ ነበር።

ስለዚህ በዚያው ቀን ሐኪም አማክሩ፤ በስልክ ከተቻለ በስልክ። ከሄዳችሁም ወደ ውስጥ ሳትዘልቁ «ጉድፍ ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ተናገሩ። ወረፋ ስትጠብቁ አጠገባችሁ የምትቀመጠው ሴት ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች፤ ቫይረሱ ደግሞ በአየር ይሄዳል። አንቲባዮቲክ ይታዘዝልን ብላችሁ ግን አትጨቅጭቁ፤ ለቫይረስ ምንም አያደርግም፤ የሚያስፈልገው ቁስሉ ሲያመረቅዝ ነው።

ጥያቄ፦ ትኩሳቱ 39 ገባ። ቤት ውስጥ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አለኝ። የቱን ልስጠው?

መልስ፦ ሁለቱንም መልሰሽ አስቀምጪ። የሚሰጠው ፓራሲታሞል ነው፣ ማሸጊያው ላይ ለዕድሜውና ለክብደቱ በተጻፈው ልክ። አስፕሪን ጉድፍ ለያዘው ልጅም ጎረምሳም ክልክል ነው፤ ሬይ ሲንድረም የሚባል፣ አንጎልንና ጉበትን የሚመታ፣ ብዙ የማያጋጥም ግን የሚገድል ችግር ሊያመጣ ይችላል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ነገሩን ከጻፈው አውስትራሊያዊ የሕክምና ባለሙያ የመጣ ነው። ለሆድ መታወክ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች ውስጥም የአስፕሪን ዘመድ የሆነው ሳሊሲሌት አለ፤ ጎረምሳ ደግሞ ከመሳቢያ አውጥቶ ራሱ የሚውጥበት ዕድሜ ነውና ንገሪው። አይቡፕሮፌን ጉድፍ ላይ ሲወሰድ ከከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን ጋር ተያይዞ ስለታየ እንተወዋለን።

የጉንፋን ድብልቅ መድኃኒቶችም ብዙዎቹ ፓራሲታሞል አለባቸው፤ ሁለቱ ተደርበው ጉበቱን እንዳይጎዱት። የሰጠሽበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፊው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የማንም ጭንቅላት አይታመንም።

ጥያቄ፦ ማሳከኩ እንቅልፍ ነሳው። እንደ ሕፃን እጁን ልይዘው አልችል፣ በቁመትም በጉልበትም ይበልጠኛል።

መልስ፦ የእኔም ያኔ በቁመት አልፎኝ ነበር። «አትከክ! አትከክ!» እያሉ ማደር ለሁለታችሁም ድካም ነው፤ ተኝቶ እንደሚያክ ራሱም አያውቅም። ከቀን ጀምሮ መዘጋጀት ይሻላል።

መጀመሪያ ጥፍሩ። «ቁረጥ» ብለሽ አትለፊ፤ መቆረጡን በዓይንሽ እዪ፣ ጠርዙም ይሞረድ። ማታ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ እጁ ላይ ያጥልቅ። የእኔው መጀመሪያ ሌሊት ሳቀብኝ፣ በሁለተኛው ሌሊት «ካልሲዬስ?» እያለ ፈለገው። ክፍሉ ቀዝቀዝ ይበል፣ ብርድ ልብሱ ይቅለል፣ ልብሱም ሰፊ ጥጥ ይሁን። ሙቀትና ላብ ማሳከኩን ያብሱታል፤ ለዚህ ነው ሙቅ ሻወር ሲገባ ለጊዜው ደስ ብሎት ሲወጣ የሚያብደው። ለብ ያለ፣ ወደ ቀዝቃዛ የቀረበ ውሃ ውስጥ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፤ በደንብ የላመ የአጃ ዱቄት ወይም ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመርበት የበለጠ ያስታግሳል። ሲወጣ ፎጣውን እየጫነ ውሃውን ይምጠጥ እንጂ አይሽ።

ከዚያ ካላማይን ሎሽን በጥጥ፣ ነካ ነካ እያደረጉ። ዓይን፣ አፍና ብልት አካባቢ አይደረግም። ፊቱንና ደረቱን እሱ ይቀባ፣ ጀርባው ያንቺ ነው። የእኔ ልጅ በዚያ ሳምንት ወሬ ያወራኝ ጀርባውን አዙሮ ሲያስቀባኝ ብቻ ነበር፤ ሳልቸኩል አንድ በአንድ እቀባው ነበር። ቀን ላይ ሲብስበት በጥፍሩ ፋንታ በመዳፉ ቸብ ቸብ ያድርገው፣ ወይም እርጥብ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያኑርበት።

የሚዋጥ የአለርጂ መድኃኒትም ይረዳል፤ ሴትሪዚን ብዙም አያስተኛም፣ ክሎርፌኒራሚን ግን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ለማታ ይመረጣል። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። የስቴሮይድ ቅባት አይነካው። የብጉር ክሬሙንም እስኪድን ይተወው፤ ጢም መላጨት ጀምሮ ከሆነ ምላጩም ይረፍ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የታመምኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ 16 ዓመቴ ነው። ለእናቴ ልነግራት የማልፈልገው ቦታ ላይም ወጥቶብኛል። ስሸና ያቃጥለኛል። ሌላ በሽታ ይዞኝ ይሆን?

መልስ፦ ጎበዝ፣ መጠየቅህ ጥሩ ነው። ሽፍታው በአንድ ጊዜ ፊትህም፣ ገላህም፣ እዚያም ከወጣ ይኸው ጉድፉ ነው። አፍ ውስጥ፣ የዓይን ቆብ ላይ፣ ፊንጢጣ አካባቢም ይወጣል፤ ምንም ያጠፋኸው ነገር የለም። ለብ ያለ ውሃ እያፈሰስክበት ብትሸና ማቃጠሉ ይቀንሳል፤ ውሃ በብዛት ጠጣ፣ ሽንት ሲወፍር ነው ይበልጥ የሚያቃጥል። ምንም ነገር አትቀባው፤ ጠበብ ያለ የውስጥ ልብስም ለጊዜው ይቅርብህ።

ሽንት እምቢ ካለህ፣ አካባቢው በጣም ካበጠ ወይም መግል ካየህ ግን ለሐኪም መታየት አለብህ። «ብቻዬን ሐኪሙን ማናገር እፈልጋለሁ» ማለት ትችላለህ፤ ሐኪሞች ይህን ለምደውታል። ለእናትህም ዝርዝሩን ባትነግራት እንኳ «ስሸና ያቃጥለኛል» ብትላት ይበቃታል። እናቶች ያን ያህል አንደነግጥም።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ። ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ተደብቆ እንደሚያጨስ አውቃለሁ፣ ግን ተነጋግረንበት አናውቅም። ከጉድፉ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

መልስ፦ አለው ወንድሜ። በትልልቆች ላይ ጉድፍ ከሚያመጣቸው ችግሮች የሚያስፈራው የሳንባ ምች ነው፤ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። ስለዚህ ወሬውን ዛሬ ክፈተው፣ ግን ለጠብ አይደለም። «እንደምታጨስ አውቃለሁ፤ ስለሱ ሌላ ቀን እናወራለን። አሁን እስክትድን አቁም፣ ደረትህን ካመመህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝ» በለው። ለሐኪሙም ይነገር።

ከዚያ ትንፋሹን ቁጠር። ሲተኛ ወይም ስልኩ ላይ አፍጦ ሳያይህ፣ ደረቱ ከፍ ሲል አንድ እያልክ አንድ ሙሉ ደቂቃ። እየቆጠርክ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራል። በዚህ ዕድሜ ዕረፍት ላይ ሲሆን ከ12 እስከ 20 ቢሆን ደህና ነው። ከዚያ እያለፈ ከሄደ፣ መጸዳጃ ቤት ደርሶ ሲመለስ ካለከለከ፣ ደረቱን ከወጋው ወይም ሳሉ ከበረታ እስኪነጋ አትጠብቅ። የሳንባው ችግር ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ስለሆነ የሚመጣው፣ ማታም ጠዋትም ቁጠርለት።

ትንፋሽ ላይ ብቻም አትቆይ። አንገቱ ከደረቀ፣ ካስመለሰውና ራስ ምታቱ ከጠና፣ ነገር ከተምታታበት፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ሽፍታው ደም ከቋጠረ፣ ሆዱን ክፉኛ ካመመው ወይም ዓይኑ ቀልቶ ብርሃን ካልወደደ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ነው። ትኩሳት ከ4 ቀን ካለፈ፣ ወይም ለቆት ሄዶ እንደገና ከተመለሰም ይታይ። ትኩሳት ሄዶ ሲመለስ እኔ ሁልጊዜ ቆዳውን ነው መጀመሪያ የምጠረጥረው።

ጥያቄ፦ ቁስሉ ማመርቀዙን በምን አውቃለሁ? ሁሉም ቀይ ቀይ ነው።

መልስ፦ እስክሪብቶ አምጪ። ከሌሎቹ ይበልጥ የቀላ፣ የሚሞቅ፣ ሲነካ የሚያመው ካለ የቀላውን ጠርዝ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አክብቢውና ሰዓቱን ጻፊ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቅላቱ ከመስመሩ ካለፈ ኢንፌክሽን እየተስፋፋ ነውና ወደ ሐኪም። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላት ቶሎ ላይታይ ይችላል፤ እዚያ ላይ ሙቀቱን፣ ጥንካሬውንና ሕመሙን በእጅሽ ጀርባ ለዪ። ጉድፍ ያሳክካል እንጂ ያን ያህል አያምም፤ ሲነካ የሚያስጮህ ቦታ አይናቅም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ አያቱ ነኝ። ሽፍታው ላይ ውሃ ከነካው ወደ ውስጥ ይገባል ሲባል ነው ያደግሁት። እናቱ በየቀኑ ገላውን ታጥበዋለች፣ ልክ ናት?

መልስ፦ እማማ፣ ልክ ናት። ሽፍታው ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ የለም፤ ቫይረሱ መጀመሪያውኑም ከውስጥ ነው የወጣው። ያልታጠበ ገላ ላይ ያለው ጀርም በታከከው ቁስል ሲገባ ነው ጉዳቱ። ውሃው አይሙቅ፣ በሳሙና አይፈትጉት፣ ፎጣውን ከሌላ ሰው ጋር አይጋራ። እርስዎ በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶልዎት ከሆነ አጠገቡ ቢቀመጡ ችግር የለውም፤ ካልወጣልዎት ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ላይ ካሉ ግን ከሩቅ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሰባተኛ ወሬ ነው። የታመመው የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ ሌላ አስታማሚ የለም። እኔ ጉድፍ ይውጣልኝ አይውጣልኝ አላውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ለሚከታተልሽ ሐኪም ደውዪ። በደም ምርመራ መከላከያው እንዳለሽ ይታወቃል፤ ካለሽ እፎይ ብለሽ ልጅሽን አስታሚ። ከሌለሽ የተዘጋጀ የመከላከያ ፕሮቲን በመርፌ ሊሰጥሽ ይችላል፤ ከተጋለጥሽ በ10 ቀን ውስጥ፣ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ነው። ክትባቱ ራሱ ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እስኪለይ ድረስ ልጁን ሌላ ሰው ያስታምመው፤ ጎረምሳ ስለሆነ ብዙውን ነገር ራሱ ማድረግ ይችላል። ጉድፍ በእርግዝና ጊዜ ለእናቲቱ ሳንባ ከባድ ነው፤ እናቲቱን ከመውለዷ ከ5 ቀን በፊት እስከ ወለደች 2 ቀን ድረስ ባለው ጊዜ ከወጣባት ደግሞ ለአራስ ልጇ አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ታናናሽ አሉት። አንድ ላይ ይውጣላቸውና ይገላገሉ ብዬ አብረው ላስተኛቸው?

መልስ፦ አታድርጊው። ካልተከተቡና ካልወጣላቸው በአንድ ቤት ውስጥ ከ10 ዘጠኙ ይያዛሉ፣ ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከቤተሰብ የተጋባ ጉድፍ ከመጀመሪያው ሰው የመባስ ጠባይ አለው፣ ቫይረሱን በብዛት ስለሚቀበሉት። ክትባት ካገኘሽ በተጋለጡ በ3 ቀን፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ቢወስዱት ሊያስቀርላቸው ወይም ሊያቀልላቸው ይችላል። ካልሆነም ከ10 እስከ 21 ቀን ድረስ ጠብቂ፤ ሽፍታው ሳይወጣ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ እንደሚያስተላልፉም አትርሺ።

ጥያቄ፦ አስም አለው፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ይወስዳል። ያቁም?

መልስ፦ የሚሳበውን አያቁም። የሚዋጥ ስቴሮይድ በቅርብ ወስዶ ከሆነ፣ ወይም የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ የሰውነት መከላከያው የደከመ ልጅ ከሆነ ግን ሽፍታ እንኳ ሳይወጣ፣ ገና መጋለጡ ሲታወቅ ለሐኪሙ ይነገር። ለእነሱ ጉድፍ የቤት በሽታ አይደለም።

ጥያቄ፦ አፉ ቆስሎ መብላት እምቢ አለ።

መልስ፦ ለሁለት ሦስት ቀን ባይበላ አትጨነቂ፣ ካልጠጣ ተጨነቂ። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር ስጪው፤ ኮምጣጣ፣ ጨውና ቅመም የበዛበት ያቃጥለዋል። ሽንቱ ከጠቆረና ግማሽ ቀን ሙሉ ካልሸና ፈሳሽ አንሶታል።

ጥያቄ፦ የማጠቃለያ ፈተና አለበት። መቼ ነው ትምህርት ቤት የሚመለሰው?

መልስ፦ የመጨረሻው ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ደርቆ ቅርፊት ሲሆን። ብዙውን ጊዜ ሽፍታው ከጀመረ ከ5 እስከ 7 ቀን ነው፤ ጎረምሳ ላይ ሊረዝም ይችላል። ቅርፊቱ እስኪረግፍ መጠበቅ አያስፈልግም። ፈተናው ከዚያ በፊት ከሆነ አሁኑኑ ለትምህርት ቤቱ አሳውቁ። ሸፍኖት ይሂድ የሚል ሐሳብ ይቅር፤ በልብስ የሚሸፈነው ቆዳው ነው፣ ትንፋሹ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ 17 ዓመቷ ነው። መስታወት ሸፍና ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች፤ «ፊቴ ተበላሸ» ትላለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ «ምንም አይደለም» አትበያት፤ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። እውነቱን ንገሪያት፦ ያልታከከና ያላመረቀዘ ጉድፍ አብዛኛው ያለ ጠባሳ ይድናል። የሚቀረው ጥቁር ምልክት ብዙ ጊዜ ጠባሳ ሳይሆን የቀለም ለውጥ ነው፤ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ስርጉድ ያለ ጠባሳ የሚቀረው በአብዛኛው ቅርፊቱ ሳይደርስ ሲላጥ ነውና ይኸን በእጇ የያዘች መሆኗን ስትሰማ ሥራ ታገኛለች። ቅርፊቱ ረግፎ አዲሱ ቆዳ ሲወጣ ከፀሐይ ትከላከለው፣ ፀሐይ ምልክቱን ያጠቁረዋል። ሜካፕ ክፍት ቁስል ላይ አይሆንም። ጓደኞቿ ፎቶ እንዳይጠይቋት ሳይሆን አይቀርም በሯን የዘጋችው፤ በድምፅ ብቻ እንድታወራቸው ሐሳብ አቅርቢላት፣ ታናሾቿም ፎቶ እንዳያነሷት ተቆጫቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ተከትቦ ነበር፣ እንዴት ያዘው?

መልስ፦ አንድ ጊዜ ብቻ ተከትቦ ይሆናል፤ ሙሉው ሁለት ጊዜ ነው፣ ከ13 ዓመት በላይ ለሆነ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት። ሁለቱንም ወስዶ የሚይዘው አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ሽፍታው ከ50 በታች ነው፣ ውሃም ላይቋጥር ይችላል። ያልተከተበ ሰው ላይ ከ250 እስከ 500 ይወጣል። ቀላል ቢሆንም ያስተላልፋልና ቤት ይቀመጥ። ይህን ክትባት እ.ኤ.አ. በ1974 የሠራው ጃፓናዊው ሚቺያኪ ታካሃሺ፣ ያነሳሳው የ3 ዓመት ልጁ በጉድፍ ክፉኛ መታመሙ ነበር። ሌሊት ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ማደር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይወጣም አይደል?

መልስ፦ ጉድፉ ራሱ ሁለተኛ መውጣቱ ብርቅ ነው። ቫይረሱ ግን ከሰውነት አይወጣም፤ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከዓመታት በኋላ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ሊነሳ ይችላል። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ቁስሉ ካልደረቀ ጉድፍ ላልወጣለት ልጅ ጉድፍ ሊሰጠው ይችላል፤ ብዙ ቤት «ከየት አመጣው?» ሲባል መልሱ እዚያው ቤት ተኝቶ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ መጀመሪያ የጠየቅኩሽ ነኝ። ተኝቶ ሳለ ፀጉሩን ከፍዬ አየሁት፤ ጆሮው ኋላ ሁለት፣ ማጅራቱ ላይ አንድ፣ ውሃ የቋጠሩ። ሆዱ ላይም አሉ።

መልስ፦ ትናንት ማታ ነው ያየሁት ብለሽኛል፤ ገና 24 ሰዓት አልሞላም። ስልኩን ይዘሽ ወደ ሐኪም ደውዪ፤ ዕድሜውን፣ ክብደቱን፣ የመጀመሪያውን ነጥብ ያየሽበትን ሰዓትና የሚወስደውን መድኃኒት ካለ ንገሪያቸው። ጥፍሩን ስትመለሺ ትቆርጪለታለሽ።